ቆጥረው የተናገሩት ሊቅ፦ የማ ዪንቹ ሕይወትና የሕዝብ ብዛት ጥያቄ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማኅበራችን ካደረጋቸው የውይይት ምሽቶች በአንዱ የሕዝብ ብዛት ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን የታዳጊ አገሮች ድህነት ዋና ምክንያት የሕዝቡ መብዛት ነው አልን። የቀረነው ደግሞ ይህ ሀብታም አገሮች የራሳቸውን ጥፋት በድሆች ልጆች ላይ ለማላከክ ያመጡት ወሬ ነው ብለን ተነሣን። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። በማግሥቱ ነገሩን ስናስበው አንድ ነገር አሳፈረን፤ ከሁለቱም ወገን ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

በዚህ ዕትም የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ የተነሣሣነው ስለዚህ ነው። እኒህ ሰው ይህንኑ ክርክር በዘመኑ በሕዝብ ብዛት ከዓለም አንደኛ በነበረችው አገር መካከል ቆመው፣ ቁጥር ይዘው የተከራከሩ፣ ስለ ክርክራቸውም ሥልጣናቸውንና ሰላማቸውን የከፈሉ ቻይናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማ ዪንቹ ናቸው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት፣ ካልገለጽን በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማ ዪንቹ በ1882 ሰኔ ወር በምሥራቅ ቻይና፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ሼንግ በሚባል ወረዳ ተወለዱ። በቻይናውያን ልማድ የቤተሰብ ስም የሚቀድም ስለሆነ እኛም ፕሮፌሰር ማ እያልን እንጠራቸዋለን። አባታቸው ከሩዝ የሚጠመቅ መጠጥ እያዘጋጁ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ንግዱን እንዲወርስ ይፈልጉ ነበር። ልጁ ግን ከመጠጡ ጋን ይልቅ ትምህርቱን መረጠ። በሻንግሃይ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ከተማሩ በኋላ ቲየንጺን በሚገኘው የቤያንግ ዩኒቨርስቲ ገብተው የማዕድን ሥራ ትምህርት ጀመሩ።

በ1907 መንግሥት ወደ አሜሪካ ላካቸው። እንግዲህ ፕሮፌሰር ማ እንደ እኛው ባሕር ማዶ የተማሩ፣ የአገራቸውን ወሬ ከሩቅ ሆነው ይጠባበቁ የነበሩ ተማሪ ናቸው ማለት ነው። በዚያም ማዕድኑን ትተው ወደ ምጣኔ ሀብት ዞሩ። በ1910 ከየል ዩኒቨርስቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1914 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ስለ ኒውዮርክ ከተማ የገንዘብ አስተዳደር ነበር። የሌላውን ከተማ ገቢና ወጪ መመርመር ላገራቸው ምን ይጠቅማል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ስሜትን ወደ ጎን አድርጎ መዝገብ የመግለጥ ልማድ የያዙት በዚያ ሥራ ይመስለናል፤ ኋላ የጠቀማቸውም የጎዳቸውም ይኸው ልማድ ነው።

ወደ አገራቸው እንደተመለሱ በፔኪንግ ዩኒቨርስቲ የምጣኔ ሀብት መምህር ሆኑ፤ በ1919ም የዩኒቨርስቲው የትምህርት ጉዳይ ኃላፊ ተደረጉ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊው መንግሥት የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሆነው ገቡ። ወንበሩ ግን አፋቸውን አልዘጋውም። ከጃፓን ጋር ጦርነት በተደረገበት ጊዜ ወታደሩ እየሞተ፣ ገበሬው እየተራበ፣ ጥቂት ባለሥልጣኖችና ዘመዶቻቸው በጦርነቱ እንደሚከብሩ በአደባባይ ተናገሩ። በጦርነት በተገኘ ሀብት ላይ ልዩ ግብር እንዲጣል ጠየቁ። በ1940 ታኅሣሥ ወር የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት አሰራቸው። ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ተዘዋውረው በ1942 ቢወጡም ለረጅም ጊዜ በቤታቸው በጥበቃ ሥር ቆዩ። ስለዚህ በ1949 አዲሱ መንግሥት ሲቋቋም ፕሮፌሰር ማ በክብር ከተቀበላቸው ምሁራን አንዱ ሆኑ። በመጀመሪያ የዠጂያንግ ዩኒቨርስቲ፣ ከ1951 ጀምሮ ደግሞ የፔኪንግ ዩኒቨርስቲ ፕሬዚዳንት ተባሉ።

የሕይወታቸው ዋናው ምዕራፍ የሚጀምረው በ1953 ነው። በዚያ ዓመት ቻይና ሕዝቧን በዘመናዊ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ በፊት የሕዝቡ ብዛት ከ500 ሚሊዮን በታች ነው ይባል ነበር። ቆጠራው ግን ታይዋንና በውጭ የሚኖሩትን ሳይጨምር ከ580 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። ከቆጠራው ጋር የተደረገ ጥናት ደግሞ በየዓመቱ ከ1,000 ሰው 37 እንደሚወለድ፣ 17 እንደሚሞት አሳየ። ይህም ማለት ሕዝቡ በዓመት ከመቶ ሁለት እጅ ይጨምራል ማለት ነው።

ሁለት እጅ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ፕሮፌሰር ማ ግን በዚያው መጠን ከቀጠለ ሕዝቡ በ50 ዓመት 1.6 ቢሊዮን እንደሚደርስ አሰሉ። በቆጠራው ወረቀት ብቻም አልረኩም። በ1954 እና በ1955 ወደ ትውልድ ክፍለ ሀገራቸው እየወረዱ በየመንደሩ ስንት እንደተወለደና ስንት እንደሞተ፣ ምን ያህል እንደተመረተና እንደተበላ ጠየቁ። በ1955 ሐሳባቸውን በብሔራዊው ሸንጎ ላቀረቡት የክፍለ ሀገራቸው እንደራሴዎች ቢያሳዩ ብዙዎቹ አልተስማሙም። ስለዚህ ጽሑፉን መልሰው ያዙትና ጊዜ ጠበቁ።

ጊዜው በ1957 የደረሰ መሰላቸው። በዚያው ክረምት አዲስ የሕዝብ ብዛት ሐተታ ያሉትን ጽሑፍ ለሸንጎው አቀረቡ፤ ሐምሌ 5 ቀንም በሕዝብ ዕለታዊ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ። ዕድሜያቸው 75 ነበር።

የሐተታው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በ1956 የቻይና ብሔራዊ ገቢ 90 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 79 እጅ የሚሆነው ለፍጆታ ይውላል፤ ለፋብሪካ፣ ለመስኖ፣ ለማዳበሪያና ለትምህርት ቤት ሊቀመጥ የሚችለው 21 እጅ ብቻ ነው። ሕዝቡ በፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚበላው ድርሻ እየሰፋ፣ ለነገ የሚቀመጠው እየጠበበ ይሄዳል። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ለሠራተኛው መሣሪያ ሊገዛለት አይችልም፤ መሣሪያ የሌለው ሠራተኛም ጥቂት ያመርታል። ስለዚህ ይላሉ ፕሮፌሰር ማ፣ ሕዝብ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን ጥራቱም፣ ማለት ትምህርቱና ጤንነቱ፣ ሊታሰብበት ይገባል።

ያቀረቡትም መፍትሔ ልከኛ ነበር። የሕዝብ ቆጠራ በየጊዜው ይደረግ፤ ወጣቶች ዘግይተው ያግቡ፤ ባልና ሚስት ሁለት ልጆች ቢወልዱ ይሸለሙ፣ ከዚያ በላይ ለሚወልዱ ግብር ይጨመርባቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርግዝናን የመከላከያ መንገድ በየመንደሩ ይሰበክ። ማስወረድን ግን አጥብቀው ተቃወሙ። አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እንለምናለን፤ እርሳቸው የጠየቁት ሁለት ልጅ ነው፣ መንገዱም በዋናው ማስተማር ነው።

ተቃዋሚዎቻቸው ያነሡት ክርክርም በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ሰው ሲወለድ አንድ አፍ ብቻ ሳይሆን ሁለት እጅም ይዞ ይወለዳል፤ እጆቹ ከአፉ የሚበልጥ ያመርታሉ፤ ስለዚህ ሕዝብ ሲበዛ አገር ይበለጽጋል እንጂ አይደኸይም አሉ። ባገራችንስ ልጅ በዕድሉ ያድጋል እንል የለምን? ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው የሚለውስ አባባላችን ከዚህ በምን ይለያል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሕዝብ ጥናት ሊቃውንት የጥገኝነት ምጣኔ የሚሉት ስሌት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት የሆኑት አምራች ይባላሉ፤ ከ15 በታች ያሉ ሕፃናትና 65 የሞላቸው አረጋውያን ጥገኛ ይባላሉ። ለ100 አምራቾች ስንት ጥገኞች አሉ ብሎ መጠየቅ ነው። ነገሩን በዚህ ስናየው የአፍና የእጅ ክርክር ይፈታል። አፉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይበላል፤ እጁ ግን የሚደርሰው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውን 15 ዓመት የሚሸከም ሌላ እጅ ያስፈልጋል።

ሕፃናት በታዳጊ አገሮች የሚበዙት ሴቶች ከቀድሞው ይልቅ ስለሚወልዱ አይደለም። ጦርነት ሲበርድ፣ ክትባት ሲገባ፣ የሚጠጣው ውሃ ሲጠራ ቀድሞ የሚቀንሰው ሞት ነው። የሚተርፉት ደግሞ በይበልጥ ሕፃናት ናቸው። የወሊድ ልማድ ግን የሚለወጠው ዘግይቶ ነው፤ ከስድስት ልጆች ሦስቱን ቀብራ ታውቅ የነበረች እናት ስድስቱም እንደሚያድጉላት ለማመን ዓመታት ይፈጅባታል። በዚህ መካከል የሕፃናቱ ቁጥር ያብጣል።

ቻይናም የሆነችው ይህንኑ ነው። በ1953 ቆጠራ ለ100 አምራቾች 69 ያህል ጥገኞች ነበሩ። በ1964 ይህ ቁጥር ወደ 80 ተጠጋ፤ ከእነዚህም 73ቱ ሕፃናት ናቸው። ፕሮፌሰር ማ በ1957 የተናገሩት እንግዲህ ሸክሙ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ ነበር።

ሐተታው በወጣ ዓመት ውስጥ ነፋሱ ተገለበጠ። ማኦ ጼቱንግ በ1957 መጀመሪያ ወሊድን ስለ ማቀድ በጎ ንግግር ያደረጉ ቢሆንም፣ በ1958 ታላቁ እመርታ የተባለው ዘመቻ ሲታወጅ የሰው ብዛት ኃይል ነው የሚለው ሐሳብ ገነነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፔኪንግ ዩኒቨርስቲ 60ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከፓርቲው መሪዎች አንዱ የሆኑት ቸን ቦዳ ፕሬዚዳንቱ ስለ ሐተታቸው ራሳቸውን መንቀፍ እንዳለባቸው በበዓሉ ላይ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ የዩኒቨርስቲው ግድግዳዎችም ሳይቀሩ በውግዘት ተሞሉ። ማልተስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ በ1798 የድሆች መብዛት የድህነት ምንጭ ነው ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ ፕሮፌሰሩ የማልተስ ደቀ መዝሙር ተባሉ። በቻይንኛ አጻጻፍ የማልተስም የማርክስም ስም የሚጀምረው የእርሳቸውን ስም በሚጽፈው ፊደል ነውና፣ እርስዎ ከየትኛው ማ ቤተሰብ ነዎት እየተባለ ተቀለደባቸው።

እርሳቸው ግን ከማልተስ ጋር የሚለያዩበት ነጥብ ግልጽ ነው። ማልተስ ድሃው የድህነቱ ጥፋተኛ ራሱ ነው ሲል ለድሆች የሚደረገውን እርዳታ ተቃወመ። ፕሮፌሰር ማ ደግሞ ሠራተኛው ከመሣሪያና ከትምህርት ድርሻውን እንዲያገኝ ነው የተከራከሩት። ይህን በጽሑፍ አስረዱ። ሲወገዙ እንደገና ጻፉ። በ1959 መጨረሻ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረበ ሽማግሌ ቢሆኑም፣ ተቃዋሚያቸው ብዙ ቢሆንም፣ በማስረጃ ካልተረቱ በኃይል እንደማይረቱ አስታወቁ። በ1960 መጀመሪያ የዩኒቨርስቲውን ፕሬዚዳንትነት ለቀቁ፤ ጽሑፎቻቸውን የሚያትምላቸውም ጠፋ።

እዚህ ላይ የዓመቱን አቈጣጠር ልብ በሉ። ሽማግሌው ዝም በተሰኙበት ጊዜ፣ ከ1959 እስከ 1961 ድረስ፣ ቻይና በታሪኳ ከታዩት ረሃቦች ሁሉ የከፋው ላይ ነበረች። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ረሃቡን ያመጣው የሕዝቡ ብዛት አልነበረም፤ የተሳሳተ ዘመቻና የሐሰት የምርት ቁጥር ነው። ነገር ግን ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። እውነተኛውን የሕፃናት ቁጥር የሚናገር ሰው በሚወገዝበት አገር፣ እውነተኛውን የእህል ቁጥር የሚናገርም አይገኝም። የ1964 ቆጠራ ውጤት እንኳ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቀርቷል።

ፕሮፌሰር ማ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ፔኪንግ ባለው ቤታቸው ተቀመጡ። በዚያ ዘመን ስለ እርሻ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፈው ነበር። የባህል አብዮት የተባለው ሁከት በ1966 ሲነሣና ወጣቶች በየቤቱ እየገቡ መጻሕፍት ሲያወድሙ፣ ረቂቁ በገዛ ቤታቸው እሳት ተቃጠለ። በ1972 በካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ዳኑም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ እያፈራረቁ የመታጠብና ተራራ የመውጣት ልማድ ስለነበራቸው ጠንካራ ሰው ነበሩ።

ጥንካሬያቸው ጊዜውን አሸነፈው። በ1979 መንግሥት የተደረገባቸው ውግዘት ስሕተት እንደነበረ አስታወቀ፤ የፔኪንግ ዩኒቨርስቲም የክብር ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። ዕድሜያቸው 97 ነበር። በ1982 ግንቦት 10 ቀን፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ተኩል ገደማ ሲቀራቸው ዐረፉ። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተጀመረው ሦስተኛው የሕዝብ ቆጠራ የቻይና ሕዝብ ከአንድ ቢሊዮን ማለፉን አረጋገጠ።

ብዙ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸው እዚህ ላይ ያበቃል፤ አንድ ሰው ያለ አግባብ ስለተነቀፈ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ተጨመረ የሚል አባባልም አለ። ለእኛ ይህ አባባል ቀላል ሆኖ ታየን። የአንድ ሊቅ ሐተታ ቢታተም ብቻ የመንደሯ እናት ሐሳቧን አትለውጥም። እውነተኛው ጉዳት ሌላ ነው፤ የጠፋው ጊዜ ነው።

መንግሥት በ1970ዎቹ ዘግይቶ ማግባትን፣ አራርቆ መውለድንና ጥቂት መውለድን መስበክ ሲጀምር አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ ከስድስት ጥቂት ዝቅ ካለ ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት ግድም ወርዶ ነበር። ይህ ከፕሮፌሰር ማ ሐሳብ ብዙም የማይርቅ መንገድ ነው፤ እርግጥ በዚያም ጊዜ ግዴታ አልጠፋም። ነገር ግን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተወለዱት ሁሉ ለመውለድ በመድረሳቸው መሪዎቹ ደነገጡ። በ1980 መስከረም ወር እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ልጅ እንዲወሰን ታወጀ። የግዴታ ማስወረድ፣ ማምከንና ከባድ መቀጮ ተከተለ። ወንድ ልጅ በሚመረጥበት አገር ሴት ጽንሶች እየተመረጡ ወጡ፤ በ2010 ቆጠራ ለ100 ሴት ጨቅላዎች 118 ወንዶች ተመዘገቡ። ይህን ሁሉ ከፕሮፌሰር ማ ስም ጋር የሚያያይዙት አሉ። እርሳቸው ግን ሁለት ልጅ ነበር ያሉት፤ ማስወረድንም ተቃውመዋል።

የጥገኝነቱ ምጣኔስ ምን ሆነ? በ1982 ወደ 63፣ በ2010 ወደ 34 ወረደ። 100 አምራቾች 34 ጥገኞችን ብቻ የሚሸከሙበት ጊዜ ላንድ አገር እንደ መኸር ነው፤ ለቁጠባ፣ ለፋብሪካ፣ ለትምህርት የሚተርፍ ይገኛል። ቻይናም ከ1978 በኋላ ገበሬው ያመረተውን የመሸጥ መብት ስላገኘ፣ ፋብሪካም ስለተከፈተ፣ ይህን መኸር ሰበሰበችው። እጅ ቢበዛም ሥራ ከሌለው አያመርትምና፣ ምጣኔው ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

መኸር ደግሞ ያልፋል። በ2020 ቆጠራ ምጣኔው ወደ 46 ተመልሶ ወጣ፤ ከ46ቱም 20ዎቹ አረጋውያን ናቸው። የአንድ ልጅ ሕግ በ2016 መጀመሪያ ቢቀርም፣ በ2021 ሦስት ልጅ ቢፈቀድም፣ ወጣቶቹ ለመውለድ አልተጣደፉም። በ2022 የአገሪቱ ሕዝብ ከታላቁ ረሃብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ወላጆች አንድ ጧሪ ብቻ አላቸው። ቀስ ብሎ መውረድ የነበረበት ነገር በድንገት ሲወርድ፣ ሸክሙም ኋላ በድንገት ይመለሳል።

ከምንማርበት ምድር ብዙ የማትርቀው ኢራን ሌላ መንገድ አሳይታ ነበር። በ1980ዎቹ መካከል አንዲት ሴት በአማካይ ከስድስት ልጅ በላይ ትወልድ ነበር፤ በ2000 ግን ወደ ሁለት ደረሰ። ይህ የሆነው ልጅ በሚቆጥር ፖሊስ ሳይሆን በገጠር ጤና ቤቶች፣ በሴቶች ትምህርትና በነፃ በሚታደል የወሊድ መከላከያ ነው። እንግዲህ ሳያስገድዱም ይቻላል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ሕዝቧን በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠረችው በ1984 ሲሆን ቁጥሩ 42 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። የሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1993 ነው። በ2007፣ በእኛ አቆጣጠር በ1999 በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቡ ከመቶ 45 እጅ ያህሉ ዕድሜው ከ15 በታች ነበር፤ ለ100 አምራቾች 93 ጥገኞች ማለት ነው። ቻይና በከፋው ዓመቷ ከነበረባት ሸክም ይህ ይበልጣል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አድገዋል። እጆቻቸው ደርሰዋል፤ መሣሪያውና ሥራው ደርሶላቸዋል ወይ ነው ጥያቄው።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ይህን ስሌት ስንማር እኛ ራሳችን የት እንደምንገባ ተጠያየቅን። ዕድሜያችን ከ15 ስላለፈ መዝገቡ ከአምራቾች ጎራ ይጽፈናል። እንጀራችንን ግን እስካሁን ሌላ ሰው ነው የሚጋግርልን። በአንጻሩ ሰባ ዓመት አልፎት አሁንም የሚያርስ አባት፣ ሳይማር ከብት የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ በመዝገቡ ጥገኞች ናቸው። ቁጥር እውነትን የሚያሳይ ቢሆንም ሙሉውን አያሳይም፤ የቀረውን የሚሞላው የተማረው ሰው ሕሊና ነው።

ፕሮፌሰር ማ አገራቸው ባሕር ማዶ ልካ ስላስተማረቻቸው የከፈሉት ዕዳ ይህ ነበር፤ መንደር ወርዶ መቁጠር፣ የቆጠሩትን በጊዜው መናገር፣ ሲቆጧቸውም ቁጥሩን አለመለወጥ። የሚቀጥለው የውይይት ምሽታችን በዚሁ ርእስ ላይ ይሆናል። የምትመጡ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።